የፕላምበር ፈቃድ በቴክሳስ፦ ክፍያው 40 ዶላር፣ ወጪው ሌላ

ማርች 2021፣ ጋርላንድ

ፌብሩዋሪ ላይ ያ ብርድ ቴክሳስን ሲመታ እኛ ግቢ ውስጥ ብቻ የአራት ቤት ጣሪያ ወረደ። ቧንቧው በረዶ ሠርቶ ፈነዳ። ዋናውን ቫልቭ ፈልጌ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ፕላምበር ለማግኘት ሁለት ሳምንት ጠበቁ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ስድስት ዓመት ሳኒተሪ የሠራሁ ሰው ነኝ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀቴ ሻንጣ ውስጥ ነበር፣ እኔ ኡበር እነዳ ነበር። ባለቤቴ «ሙያህ እኮ ይኸው እየተፈለገ ነው» አለችኝ። ልክ ናት።

ፈቃዱ ስንት እንደሚያስወጣ ስጠይቅ ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ። አንዱ «ሃምሳ ዶላር አትሞላም» ይላል። ሌላው «አስር ሺህ ያዝ» ይላል። ስለዚህ የማወጣትን እያንዳንዷን ዶላር እዚህ እጽፋለሁ።

የቴክሳስ አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አፕረንቲስ (ተለማማጅ) ሆነህ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ ፕላምቢንግ ቦርድ ጋ ትመዘገባለህ፣ 15 ዶላር። 4,000 ሰዓት ሠርተህ 24 ሰዓት ትምህርት ከወሰድክ ትሬድስማን ለሚባለው የተወሰነ ፈቃድ ትፈተናለህ፣ 36 ዶላር። እሱ የአንድና የሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ላይ ብቻ ነው የሚያሠራው። 8,000 ሰዓትና 48 ሰዓት ትምህርት ካለህ ጆርኒማን ለሚባለው፣ ኮሜርሻል (የንግድ ሕንፃ) ሥራም ለሚያሠራው ፈቃድ ትፈተናለህ፣ 40 ዶላር። ከዚያ በላይ ማስተር አለ፣ 175 ዶላር። አራቱ ተደምረው 266 ዶላር ናቸው።

የአዲስ አበባውን ስድስት ዓመት የሚመሰክርልኝ አላገኘሁም። ካሠሩኝ ኮንትራክተሮች አንዱ ድርጅቱን ዘግቷል፣ ሌላው ስልክ አያነሳም። ደብዳቤ ለማጻፍ ደከምኩና ተውኩት። ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

የመጀመሪያው ወጪ ደሞዝ ነው። ኡበር ቤንዚኑ ተቀንሶ በሰዓት 21 ዶላር ገደማ ያስገባልኝ ነበር። ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩት በ16 ነው። አምስት ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት፦ 10,400 ዶላር። «አስር ሺህ» ያለኝ ሰው ይህን ቆጥሮ ከሆነ አልተሳሳተም።

ሜይ 2021

መሣሪያ። ሁለት መጠን ቻነል ሎክ፣ የቧንቧ መፍቻ 14 ኢንች፣ የመዳብ ቱቦ መቁረጫ፣ የፔክስ (ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ) መቁረጫ፣ ቤዚን ሬንች፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ የራስ ባትሪ፣ የጉልበት መከላከያ፣ ብረት አፍንጫ ጫማ። ድምር 412 ዶላር። ቤዚን ሬንቹን ርካሽ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ጥርሱ ተሰበረና ደህናውን በ34 ዶላር ደግሜ ገዛሁ። ከሲንክ ሥር በጀርባህ ተኝተህ የምትጠቀምበትን ዕቃ በርካሽ አትግዛ።

ከሥራው ይልቅ ያስቸገረኝ ልኬቱ ነው። እጄ የለመደው ሚሊሜትር ነው። ፒፒአር የሚባለው በሙቀት የሚጋጠም የፕላስቲክ ቱቦ፣ 20 ሚሊ፣ ማሽኑ 260 ዲግሪ፣ አምስት ሰከንድ አሙቆ ማጋጠም። ይህን ጨለማ ውስጥም እሠራዋለሁ። እዚህ ያንን ማሽን የሚያውቀው የለም። ያለው ፔክስ፣ ሲፒቪሲና መዳብ ነው። ልኬቱ ደግሞ ሰባት ከስምንት ሲካፈል፣ አምስት ከአሥራ ስድስት ሲካፈል። ማታ ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ክፍልፋይ መደመር ተለማመድኩ። እሷ አራተኛ ክፍል ናት፣ ከእኔ ትፈጥናለች።

ሌላው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፣ ሳይቱ በስፓኒሽ ነው የሚሠራው። ኤልቦ «ኮዶ» ነው። ቫልቭ «ያቤ» ነው። የሚያሠራኝ ጆርኒማን ሜክሲኳዊ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ትዕግሥቱ የሚገርም ነው።

ኦገስት 2021

ዛሬ የተማርኩትን በዝርዝር ልጻፈው፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ስለሆነ።

አሮጌ ቤት ነው፣ ግማሽ ኢንች የመዳብ መስመር። የተበሳውን ቆርጬ አወጣሁ። ጫፎቹን በኤመሪ ጨርቅ እስኪያበሩ ፈተግኩ፣ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚቀባ ቅባት) ቀባሁ፣ ኮፕሊንጉን (ማገናኛውን) አስገባሁ፣ ቶርቹን ለኮስኩ። ሊዱ፣ ቀልጦ ቱቦውን የሚያጣብቀው የብየዳ ሽቦ፣ አልያዝ አለ። እየተድቦለቦለ ይወድቃል። እሳት ጨመርኩ፣ ፍላክሱ ጠቁሮ ተቃጠለ። ፈትቼ አጽድቼ ደገምኩት፣ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ አጠገቡ ያለውን ቫልቭ በሙቀት አበላሸሁት፣ 38 ዶላር።

ጆርኒማኑ መጥቶ ጣቱን ቱቦው ውስጥ ከተተና አሳየኝ። እርጥብ ነው። ዋናው ቫልቭ አርጅቷል፣ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ጠብታ ይመጣል። ውሃ እስካለ ድረስ መዳቡ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ሊዱ ደግሞ ለመቅለጥ ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። እሳት ብትጨምር ጥቅም የለውም።

ከዚያ ምሳውን ፈታና ከሳንድዊቹ ነጭ ዳቦ ቆረሰ። ቅርፊቱን አነሳ። ልቡን በጣቱ አድቦልቡሎ ቱቦው ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገፋው። ዳቦው ጠብታውን መጠጠ። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ አጋጠምን፣ ሊዱ ዙሪያውን በአንዴ ሳበው፣ ቀጭን የብር ቀለበት ሠራ። ውሃውን ስንለቅ ዳቦው ሟሙቶ በገንዳው ቧንቧ ወጣ። የሲንኩን አፍ ማጣሪያ አስቀድመን ነበር የፈታነው፣ ካልተፈታ ፍርፋሪው እዚያ ይሰካል። ቅርፊቱ አይሟሟም፣ ስለዚህ አይገባም። የእኛ ድፎ የሚሆን አይመስለኝም፣ ጠንካራ ነው። የሱፐርማርኬቱ ለስላሳ ቁራሽ ነው የሚያስፈልገው።

ኤፕሪል 2022

ድርጅት ቀየርኩ። የመጀመሪያው ቦታ 17 ላይ ቆሞ ነበር፣ አዲሱ 20 ሰጠኝ። የክፍያ ወረቀቶቼን ደመርኩ፣ በመጀመሪያው ቦታ 2,110 ሰዓት ሠርቻለሁ። በሰላም ተሰነባበትን። ሰዓቴን የሚያረጋግጥ ፎርም አልጠየቅኩም። ሲደርስ እጠይቃለሁ ብዬ ነው።

ማርች 2023

የሦስት ሳምንት ደሞዝ ያስቀነሰኝ ስህተት። የአፕረንቲስ ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል፣ 15 ዶላር ነው። ቤት ስንቀይር አድራሻዬን ቦርዱ ጋ አላስተካከልኩም። ማስታወሻው አሮጌው ቤት ሄደ። የቢሮዋ ሴትዮ ዝርዝሩን ስታይ ጊዜው አልፏል። «እስኪታደስ ቧንቧ እንዳትነካ» አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ሳይመዘገቡ መሥራት ሕግ መጣስ ነው፣ ድርጅቱንም ያስጠይቃል። ሦስት ሳምንት መጋዘን ውስጥ ፊቲንግ ስለይ ቆየሁ፣ በሰዓት 15 ዶላር፣ ለፈቃዱ የማይቆጠር ሰዓት።

ስልኬ ላይ ሁለት ማስታወሻ አስገብቻለሁ፣ አንዱ ከ60 ቀን በፊት፣ አንዱ ከ30 ቀን በፊት።

ጁን 2023

4,000 ሰዓት አልፌያለሁ። ባለቤቴ «ትሬድስማኑን ያዘው፣ ምን ይጎዳሃል» ትላለች። እኔ ኮሜርሻል ሥራ ነው የምፈልገው፣ እሱ ደግሞ ትሬድስማንን አያስገባም። ለ24 ሰዓት ትምህርት ከምከፍል በቀጥታ ወደ 48ቱ ልሂድ አልኩ። ተውኩት።

(ከዓመት ተኩል በኋላ የጨመርኩት፦ እሷ ልክ ነበረች። ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።)

ፌብሩዋሪ 2024

የ48 ሰዓት ትምህርቱን ጀመርኩ። ስድስት ቅዳሜ፣ በቀን ስምንት ሰዓት። 450 ዶላር። የኮድ (የሥራ ደንብ) መጽሐፎቹ ያገለገሉ ተገኙ፣ 140 ዶላር። ግን ቅዳሜ ብሠራ ኖሮ ኦቨርታይም ነበር። አሁን 22 ዶላር ላይ ነኝ፣ ተኩሉ ሲጨመር 33። በ48 ሰዓት 1,584 ዶላር። ትምህርቱ የሚያስወጣው ትልቁ ይህ ነው፣ ማንም በደረሰኝ አይሰጥህም።

ገንዘቡ የመጣው ከእቁብ ነው። አሥራ አምስት ሰው ነን፣ በወር 300። እጣው የወጣልኝ ጃንዋሪ ላይ ነው፣ 4,500። ባይወጣልኝ ወይ በክሬዲት ካርድ ነበር፣ ወይ ለሌላ ዓመት አራዝመው ነበር። ከአባላቱ አንድ አባት፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ለምን እንደሆነ ሲሰሙ «በዚህ ከሆነ ይባረክልህ» ብለው የራሳቸውን ቀጣይ ተራ ጭምር አቀረቡልኝ። አልወሰድኩም፣ ግን አልረሳውም።

አስተማሪው በ2019 የሆነውን ነገረን። የግዛቱ ምክር ቤት ቦርዱን የሚያቆየውን ሕግ ሳያድስ ተበተነ። ፈቃዱ ራሱ ሊቀር ነበር። ፕላምበሮች ጮኹ፣ አገረ ገዢው በትእዛዝ እስከ 2021 አራዘመው፣ ከዚያ ምክር ቤቱ አደሰው። አብረውኝ ከተማሩት አንዱ «ቢቀር ይሻለን ነበር፣ ይሄን ሁሉ አንከፍልም» አለ። አልስማማም። ጋዝ መስመርና ፍሳሽ የሰው ሕይወት ነው። እኔ የምቃወመው ፈቃዱን አይደለም፣ ሰዓትህ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መቀመጡን ነው።

ኖቬምበር 18፣ 2024

ዛሬ አልተኛሁም።

አሁን ባለሁበት ቦታ 5,870 ሰዓት አለኝ፣ የቢሮው ሒሳብ ነው። ከመጀመሪያው 2,110 ጋር 7,980 ይሆናል። ሃያ ሰዓት ቀረኝ ብዬ፣ ፎርሙን አትሜ፣ ቡና ይዤ ወደ መጀመሪያው ድርጅት ሄድኩ። ሰዓትህን የሚፈርመው የድርጅቱ ኃላፊ ማስተር ፕላምበር ነው። 

ያኔ የነበረው ማስተር ለቋል። አዲሱ አያውቀኝም። ፋይሌን አየና «1,500 እፈርማለሁ» አለ። የቀረው መኪና መንዳትና ዕቃ ማመላለስ ነው ተብሎ ተጽፏል። የክፍያ ወረቀቶቼን ሁሉ ይዤ ነበር። ግን የክፍያ ወረቀት ስንት ሰዓት እንደሠራህ እንጂ ምን እንደሠራህ አይናገርም። ጠዋት ፓይፕ ጭኜ ሄጄ ከሰዓት ያንኑ ፓይፕ የገጠምኩባቸው ቀኖች ናቸው የጠፉት። በቀን በቀኑ የጻፍኩት ደብተር ቢኖረኝ ኖሮ እከራከር ነበር። የለኝም።

ለመንኩት። «ወንድሜ፣ ያላየሁትን አልፈርምም» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ድምፅ። በራሱ ፈቃድ ነው የሚፈርመው፣ ይገባኛል። ለ13 ወር ያሠራኝ ድርጅት ግን ሥራዬን በትክክል መመዝገብ ነበረበት። ያ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሒሳቡ ይህ ነው። 610 ሰዓት ጠፋ። በሳምንት 45 ሰዓት ብሠራ 14 ሳምንት ገደማ ነው። ጆርኒማን ብሆን 31 ዶላር ነው የሚከፈለኝ፣ አሁን 22 ነኝ። ዘጠኝ ዶላር በ45 ሰዓት በ14 ሳምንት፦ 5,670 ዶላር።

የትሬድስማኑ ነገር እዚህ ጋ ነው የመጣው። በ4,000 ሰዓት ላይ ባመለክት ኖሮ ፎርሙን ያኔ እጠይቅ ነበር። ያኔ የሚያውቀኝ ማስተር እዚያው ነበር። 36 ዶላርና ጥቂት ቅዳሜ አተርፋለሁ ብዬ ይህን ሁሉ ከፈልኩ።

ኖቬምበር 19፣ 2024

ደብተር ገዛሁ፣ 3 ዶላር። ቀን፣ አድራሻ፣ የሠራሁት ሥራ፣ ሰዓት፣ ያሠራኝ ጆርኒማን ፊርማ። ኃላፊ ማስተሬ በየወሩ መጨረሻ ገጹን አይቶ ይፈርምበታል። ስጠይቀው ደስ ብሎት ነው እሺ ያለው።

ማርች 2025

8,000 ሞላ። ማመልከቻና 40 ዶላር ገባ።

ጋራዥ ውስጥ በእንጨት ግድግዳ ፍሬም ሠራሁ። የሲንክ፣ የገንዳና የሽንት ቤት ፍሳሽ ከነቬንቱ (አየር ከሚያስገባው ቧንቧ ጋር) ገጥሜ አፈርሳለሁ፣ እንደገና እገጥማለሁ። እንጨት፣ ፒቪሲ፣ ፊቲንግ፣ ፕራይመርና ሙጫ 186 ዶላር። ሙጫ ሳላደርግ በደረቁ ስለምገጥመው ፊቲንጉን አሥር ጊዜ እጠቀምበታለሁ። ሙጫውን የገዛሁት ለመጨረሻው ዙር ብቻ ነው።

አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ አልገባ ብሎ ሰነበተ። ቬንት አግድም ከመሄዱ በፊት ከሲንኩ «ፍላድ ሌቭል ሪም» ስድስት ኢንች በላይ መውጣት አለበት። ቃሉን ሸምድጄዋለሁ፣ ግን ለምን? አንድ ቀን ሲንኩን ደፍኜ ውሃ ለቀቅኩ። ሞልቶ ከከንፈሩ ሲፈስ አየሁት። ያ ከንፈር ነው። ፍሳሹ ቢደፈን ውሃው እዚያ ይደርሳል እንጂ አያልፍም። ቬንቱ ከዚያ በታች ቢታጠፍ ቆሻሻው አግድሙ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና አየሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሽምደዳ አላስፈለገኝም።

ሜይ 2025፣ ኦስቲን

ወደቅኩ። 70 ያሳልፋል፣ ያመጣሁት 66 ነው።

ጥያቄዎቹን እዚህ አልጽፍም፣ ተገቢ አይደለም። የተደናገርኩበትን ግን አውቀዋለሁ። ቴክሳስ ሁለት ኮድ ትቀበላለች፣ ዩፒሲና አይፒሲ። የምሠራበት ከተማ በአይፒሲ ነው። የተማርኩት በብዛት ዩፒሲን ነው። ለምሳሌ ከትራፕ (ከሲንክ ሥር ውሃ ይዞ ሽታ ከሚከለክለው ጥምዝ ቧንቧ) እስከ ቬንት ያለው ርቀት፣ ለአንድ ተኩል ኢንች ቧንቧ በአይፒሲ 6 ፉት ነው፣ በዩፒሲ 42 ኢንች። ለሁለት ኢንች በአይፒሲ 8 ፉት፣ በዩፒሲ 5። ሥራ ላይ እጄ አንዱን ያውቃል፣ ጭንቅላቴ ሌላውን። ጊዜ ሲያጥረኝ ተደባለቁብኝ።

የጉዞው ወጪ፦ ከጋርላንድ ኦስቲን ከ200 ማይል በላይ ነው። ቤንዚን ደርሶ መልስ 52፣ ሞቴል 94፣ ምግብ 31፣ የሁለት ቀን ደሞዝ 396። ድምር 573። ፈተናው 40።

ተመልሼ ሁለት ቀለም ካርድ ሠራሁ። አረንጓዴው አይፒሲ፣ ቢጫው ዩፒሲ። ልጄ ቀለሙን ትጠራለች፣ ቁጥሩን እነግራታለሁ። ስሳሳት ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትተወዋለች፣ እራት የሚቀርበው ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ነው። አንዳንድ ቀን እራት ዘገየ።

ጁላይ 2025

አለፍኩ። ሌላ 40፣ ሌላ ጉዞ። በዚህኛው ኦስቲን ያለ ያገር ልጅ ቤት አደርኩ፣ ሞቴሉ ቀረልኝ። ሳልነግራቸው ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። የማታውን አንድ ሰዓት የኩሽናቸውን ቧንቧ ጠብታ በመጠገን አሳለፍኩ። 2 ዶላር የማትሞላ ዋሸር ነበረች።

ጆርኒማኑ፣ ያ በዳቦ ያስተማረኝ፣ አሁን ሌላ ድርጅት ነው። ደወልኩለት። አንድ ቃል ብቻ «ማኤስትሮ» (በስፓኒሽ የሙያ ሊቅ) አለኝ። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ ትንሽ ቆየሁ።

ኦገስት 2025

31 ዶላር ጀምሯል። ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል፣ ስድስት ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል፣ ማስታወሻው ስልኬ ላይ ገብቷል። ማስተር ለመፈተን ጆርኒማን ሆኜ አራት ዓመት መቆየት አለብኝ። በፌዴራል መንግሥት በጸደቀ የአፕረንቲስ ፕሮግራም ያለፈ ሰው ግን አንድ ዓመት ይበቃዋል። ይህን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። እየጀመራችሁ ያላችሁ፣ ከመቀጠራችሁ በፊት ድርጅቱ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ዓመት ነው ልዩነቱ።

ሰኞ አዲስ ረዳት ይመደብልኛል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እናቱ አስመራ የተወለደች ናት፣ እሱ ዳላስ። ለእሱም ደብተር ገዝቻለሁ፣ አሁን 4 ዶላር ገብቷል። የመጀመሪያው ሥራችን የ50 ጋሎን የውሃ ማሞቂያ መቀየር ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። የቶርቼ አፍ ጋዝ ያፈሳል፣ በሳሙና ውሃ ፈትሼ አረፋ ሠራ። ከሰኞ በፊት መቀየር አለበት፣ ነገ ቅዳሜ ሱቁ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው።